ከአጥንት ካንሰር የዳኑ ልጆችና ወጣቶች፦ የአካል እንቅስቃሴና የመራመድ ችሎታ

የአጥንት ካንሰር በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚከሠቱ የካንሰር ዓይነቶች መካከል በብዛት የሚታይ አይደለም። ይሁን እንጂ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በእግር አጥንቶች ላይ በመሆኑ፣ ሕክምናውን ፈጽመው የዳኑ ወጣቶች የሚገጥማቸው ቀጣይ ጥያቄ እንደገና መራመድን የሚመለከት ነው። ይህ ጽሑፍ ለታካሚዎች፣ ለወላጆች፣ ለመምህራንና በጤና ጣቢያ ለሚያገለግሉ ባለሙያዎች ለዚህ ጥያቄ መሠረታዊ ምላሽ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው ቁም ነገር የሚከተለው ነው። የመራመድ ችሎታ ቁስሉ ሲድን በራሱ ተመልሶ አይመጣም፤ በቀዶ ጥገናው ዕለትም ለዘለቄታው አይጠፋም። በባለሙያ በሚመራ፣ ከታካሚው አቅም ጋር በተመጣጠነና ለዓመታት በሚቀጥል ልምምድ ደረጃ በደረጃ የሚገነባ ችሎታ ነው። ከርኅራኄ በመነጨ ሐሳብ ልጁ ከአልጋው እንዳይነሣ ማድረግ ጡንቻውን ያሳሳል፣ መገጣጠሚያውን ያደርቃል፣ ከትምህርትና ከጓደኞቹም ይለየዋል።

በጽሑፉ የተጠቀሱት ተግባራዊ ምሳሌዎች በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ ከጉለሌ ክፍለ ከተማ የተወሰዱ ናቸው። በእንጦጦ ተራራ ግርጌና ወገብ ላይ የተቀመጠው ይህ አካባቢ አቀበትና ቁልቁለት የበዛበት በመሆኑ፣ በሆስፒታል ኮሪደር ላይ መራመድ የቻለ ታካሚ ከቤቱ ደጃፍ ሲወጣ የሚገጥመውን ፈተና በግልጽ ያሳያል።

ስለ ሕመሙና ስለ ሕክምናው

በዚህ የዕድሜ ክልል በብዛት የሚታየው የአጥንት ካንሰር ኦስቲዮሳርኮማ ይባላል፤ በተከታይነት የሚጠቀሰው ኢዊንግ ሳርኮማ ነው። ኦስቲዮሳርኮማ በአብዛኛው ከ10 እስከ 19 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ማለትም አጥንት በፍጥነት በሚያድግበት ወቅት ይከሠታል። ከታካሚዎቹ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ የሚነሣው በጉልበት አካባቢ፣ በጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ወይም በቅልጥም የላይኛው ጫፍ ነው።

ዋና ምልክቶቹ ለሳምንታት የማይለቅና ሌሊት የሚብስ ሕመም እንዲሁም እብጠት ናቸው። ሕመሙ በጨዋታ ላይ ከደረሰ ጉዳት የመጣ ስለሚመስል ብዙ ቤተሰቦች ልጃቸውን አስቀድመው ወደ ወጌሻ ይወስዳሉ። እብጠቱን ማሸትም ሆነ ማሰር ግን ውድ ጊዜ ያባክናል፤ በካንሰር የሳሳውን አጥንትም ሊሰብር ይችላል። በመሆኑም በአንድ እግር ላይ የጸና ሕመም ያለበት ልጅ በቅድሚያ የራጅ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።

ሕክምናው እንደ በሽታው ዓይነት ይለያያል። ኦስቲዮሳርኮማ ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ በሚሰጥ ኬሞቴራፒ ይታከማል፤ በኢዊንግ ሳርኮማ ጊዜ የጨረር ሕክምናም ሊታከል ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ በፊት፣ እግርን መቁረጥ ብቻውን እንደ ሕክምና በሚሰጥበት ዘመን፣ ከኦስቲዮሳርኮማ የሚተርፉት ከአምስት ታካሚዎች አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ኬሞቴራፒ ከታከለ ወዲህ በሽታው ሳይሠራጭ ከተደረሰበትና ሕክምናው በተሟላ ሁኔታ ከተሰጠ፣ ከሦስት ታካሚዎች ሁለት ያህሉ በሕይወት ይቆያሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው የሕፃናት ካንሰር ዓለም አቀፍ ኢኒሼቲቭ በ2030 በካንሰር ከሚያዙ ልጆች ቢያንስ 60 በመቶው እንዲተርፉ ግብ አስቀምጧል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2023 የሚያገለግል ብሔራዊ የሕፃናትና የወጣቶች ካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ አውጥታ ነበር። የሚድኑ ልጆች ቁጥር በጨመረ መጠን ከሕክምና በኋላ ያለው ሕይወት፣ በተለይም የተሐድሶ አገልግሎት፣ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ይሆናል።

ሕክምናው በአረማመድ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ

ታካሚው ወደፊት የሚራመድበት ሁኔታ በአመዛኙ በተደረገለት የቀዶ ጥገና ዓይነት ይወሰናል።

እግርን የሚያድን ቀዶ ጥገና፦ የታመመው አጥንት ተወግዶ በብረት መገጣጠሚያ ወይም በሌላ አጥንት ይተካል። እግሩ በቦታው ቢቀርም ከአጥንቱ ጋር የተወሰነ ጡንቻ ስለሚወገድ ጉልበትን የመዘርጋት አቅም ይቀንሳል። የብረቱ መገጣጠሚያም በጊዜ ብዛት ሊላላ ወይም ሊያልቅ ይችላል።

እግርን መቁረጥ፦ ታካሚው በሰው ሠራሽ እግር ይራመዳል። የተቆረጠው ከጉልበት በታች ከሆነ አረማመዱ ለጤነኛ ሰው አረማመድ የቀረበ ሊሆን ይችላል። ከጉልበት በላይ ከሆነ ግን ያንኑ ርቀት ለመጓዝ የሚያስፈልገው ጉልበት ከጤነኛ ሰው በግማሽ ያህል ሊበልጥ ይችላል። ታካሚው ፍጥነቱን የሚቀንሰው በስንፍና ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

ሮቴሽንፕላስቲ፦ ጉልበቱና በአካባቢው ያለው አጥንት ከተወገዱ በኋላ የታችኛው እግር ወደ ኋላ ዞሮ ከጭን ጋር ይጋጠማል፤ ቁርጭምጭሚቱም እንደ ጉልበት ሆኖ ያገለግላል። መልኩ ለዓይን እንግዳ ቢሆንም በሩጫና በጨዋታ ረገድ ጥሩ ውጤት ይሰጣል።

መድኃኒቶቹም የየራሳቸው አሻራ አላቸው። ዶክሶሩቢሲን የልብን ጡንቻ ሊያዳክም ይችላል። ሲስፕላቲን የመስማት ችሎታን፣ ኩላሊትንና የእግር ነርቮችን ሊጎዳ ይችላል። በኢዊንግ ሳርኮማ ሕክምና የሚሰጠው ቪንክሪስቲን የእግርን ጣቶችና ቁርጭምጭሚት ወደ ላይ የማንሣት አቅም ስለሚቀንስ ታካሚው እየተደናቀፈ ሊራመድ ይችላል። ሜቶትሬክሴት የአጥንትን ጥንካሬ ሊቀንስ ይችላል። በኬሞቴራፒ ምክንያት የሚከሠት የደም ማነስም አቅምን ያሳጣል። ጉለሌን የመሰለ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር የበለጠ ከፍታ ያለው አካባቢ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ግፊት ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያህል ያነሰ በመሆኑ፣ ደም ማነስ ያለበት ታካሚ ቶሎ ቢደክመው ሊያስገርም አይገባም።

የአካል እንቅስቃሴ የሚሰጠው ጥቅም

በጀርመን ሚዩንስተር ከተማ በእርምጃ መቁጠሪያ መሣሪያ በመታገዝ የተካሄዱ ጥናቶች፣ በሕክምና ላይ ያሉ የአጥንት ካንሰር ታካሚ ልጆች ከጤነኛ እኩዮቻቸው ብቻ ሳይሆን በሌላ ካንሰር ከተያዙ ልጆችም ያነሰ እንደሚንቀሳቀሱ አመልክተዋል። በሰሜን አሜሪካ በልጅነታቸው ከካንሰር የዳኑ ከ15,000 በላይ ጎልማሶችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ አዘውትረው የሚያደርጉት ሰዎች የሞት መጠን ከማያደርጉት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ ምክንያትና ውጤትን ሙሉ በሙሉ የሚያረጋግጥ ባይሆንም፣ መንቀሳቀስ ለዳኑ ሰዎች እንደሚበጅ ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ይስማማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። መመሪያው አካል ጉዳት ያለባቸውንም ያካትታል። ይህ መጠን ግን ለሕክምና ገና ለወጣ ልጅ የሩቅ ግብ እንጂ መነሻ አይደለም። በቀን ብዙ ጊዜ የሚደረግ የ5 ደቂቃ እርምጃ ጥሩ ጅማሬ ነው።

የልምምድ ደረጃዎች

ከቀዶ ጥገናው በፊት፦ በካንሰር የተጎዳው አጥንት በቀላሉ ስለሚሰበር ታካሚው መሮጥና መዝለል የለበትም፤ በእግሩ ላይ የሚያሳርፈውን ክብደትም ሐኪሙ ይወስናል። ይህ ጊዜ በክራንች መራመድን ለመለማመድ፣ የክንድና የጤነኛውን እግር ጡንቻ ለማጠንከር ይጠቅማል። ከቀዶ ጥገና በፊት ክራንች የለመደ ልጅ በኋላ ከአልጋ መነሣት ይቀለዋል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ሳምንታት፦ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ የጭንን የፊት ጡንቻ ለጥቂት ሰኮንድ አጥብቆ መልቀቅ እና በአልጋ ጠርዝ መቀመጥ የመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ናቸው። ጉልበትን ማጠፍ የሚፈቀድበት ጊዜ ይለያያል። ቀዶ ጥገናው በጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይጀመራል፤ በቅልጥም የላይኛው ጫፍ ላይ ከሆነ ግን የተሰፋው ጅማት እስኪጸና ጉልበቱ ለሳምንታት ተዘርግቶ ይቆያል። ስለዚህ የአንዱን ታካሚ ልምምድ ለሌላው መስጠት አይገባም።

እግሩ የተቆረጠ ታካሚ ለምቾት ሲል ከጭኑ ሥር ትራስ ማድረግ የለበትም። ይህ ልማድ ዳሌው ታጥፎ እንዲደርቅ ስለሚያደርግ በኋላ በሰው ሠራሽ እግር ቀጥ ብሎ መቆም ያስቸግራል። ይልቁንም ሐኪሙ ሲፈቅድ በቀን ጥቂት ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል በሆድ መተኛት ይመከራል። የቀረው የእግር ክፍል አስተሳሰርም ከባለሙያ ሊቀሰም ይገባል።

ኬሞቴራፒው በሚቀጥልበት ጊዜ፦ ልምምዱ አይቋረጥም፤ መጠኑ ግን በደም ምርመራ ውጤት ይወሰናል። ፕላትሌት ሲያንስ መውደቅ ወይም መመታት የሚያስከትል እንቅስቃሴ ይቀራል። ነጭ የደም ሕዋስ ሲያንስ ሰው ከሚበዛበት ስፍራ መራቅ ያስፈልጋል። በዚህ ወቅት በጸበልም ሆነ በሌላ ውኃ መታጠብ የሚፈልጉ ታካሚዎች ያልዳነ ቁስልና በደም ሥር የገባ የመድኃኒት ቱቦ ውኃ እንዳይነካው ሐኪማቸውን አስቀድመው ያማክሩ፤ የተጀመረውን መድኃኒትም አያቋርጡ።

ሕክምናው ከተጠናቀቀ በኋላ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሲፈቅድ የሚከተሉት ልምምዶች በሳምንት ከ2 እስከ 3 ቀን፣ እያንዳንዳቸው ከ8 እስከ 12 ጊዜ በቤት ሊሠሩ ይችላሉ።

– ከማይንቀሳቀስ ወንበር ላይ መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፤
– ጠረጴዛ ይዞ ቆሞ እግርን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ማንሣት፤
– በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን በማጠፍ ዳሌን ከፍ ማድረግ፤
– ከግድግዳ አጠገብ ሚዛን ጠብቆ መቆም፤
– በመስተዋት ፊት እየተራመዱ ትከሻና ዳሌ ወደ አንድ ወገን አለማዘንበላቸውን ማየት።

ልምምዱ ተመጣጣኝ የሚሆነው ታካሚው እየተንቀሳቀሰ መነጋገር ሲችል ነው። ሕመሙ ወይም እብጠቱ በማግሥቱም ካልቀነሰ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። የብረት መገጣጠሚያ የተገጠመለት ሰው ለዋና፣ ለማይንቀሳቀስ ብስክሌትና ለእርምጃ ቅድሚያ ይስጥ፤ እግር ኳስ፣ ዝላይና የረጅም ርቀት ሩጫ መገጣጠሚያውን ያላላሉ።

ጡንቻ ያለ ምግብ አይገነባም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላልና ወተት በአካባቢው የሚገኙ የፕሮቲን ምንጮች ናቸው። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ልጅ ጾምን በሚመለከት ቤተሰቡ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ይመካከር።

በአቀበት፣ በቁልቁለትና በቤት ውስጥ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ፣ የቀጨኔ ውስጥ ለውስጥ መንገዶችና በኮብልስቶን የተነጠፉት የሰፈር መንገዶች ለሰው ሠራሽ እግርም ሆነ ለደከመ ጉልበት ከባድ ናቸው። በዚህ ጊዜ የሚከተሉትን መመሪያዎች መከተል ይጠቅማል።

– ከዘራ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ብዙ ሰዎች በታመመው እግር በኩል ይይዙታል፤ ይህ ሚዛንን ያዛባል።
– ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ የታመመው እግር ይቅደም።
– ቁልቁለት ከአቀበት ይልቅ ለመውደቅ ያጋልጣል። ቦታው ከፈቀደ በቀጥታ ከመውረድ ይልቅ በአግድም እየተጠማዘዙ መውረድ ይሻላል።
– በክረምት ወራት ጭቃና እርጥብ ድንጋይ ያንሸራትታሉ። የክራንች ጫፍ ጎማ ሳያልቅ መለወጥ አለበት፤ ጫማውም የማያንሸራትትና ተረከዙ ዝቅ ያለ ይሁን።
– የሰው ሠራሽ እግር አሰላለፍ በአንድ የተረከዝ ቁመት የተስተካከለ በመሆኑ፣ የተለየ ተረከዝ ያለው ጫማ መቀያየር አረማመድን ያበላሻል።
– ሚኒባስ ታክሲ ሲሳፈሩ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ መኪናው ሙሉ በሙሉ ከመቆሙ በፊትም አይወረድም።

ለጀማሪ ሜዳማ ስፍራ ይመረጣል፤ የትምህርት ቤት ሜዳ ወይም የሆስፒታል ግቢ ይበቃል። ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልና በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለእርምጃ ምቹ መንገዶች ቢኖሯቸውም ከፍታቸው ከከተማው ስለሚበልጥ፣ በሜዳ ላይ ያለ ችግር ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ መራመድ ለቻለ ሰው ቢሆኑ ይመረጣል። በእንጦጦ ጎህ ሲቀድ የሚሮጡ አትሌቶች አቀበቱን የለመዱት በጊዜ ብዛት ነው፤ ታካሚውም እንዲሁ።

በቤት ውስጥ ዝቅተኛ በርጩማ፣ መንበርከክና መቆናጠጥ ለብረት መገጣጠሚያ አይስማሙም። በመሆኑም ከፍ ያለ ወንበርና ባለ መቀመጫ ሽንት ቤት ይዘጋጅ። ስግደትም ሆነ ሶላት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊፈጸም ይችላል። ሰው ሠራሽ እግር የሚጠቀም ሰው ማታ ማታ የቀረውን የእግር ክፍል በሳሙና አጥቦ ያድርቅ፤ መቅላት ወይም ቁስል መኖሩንም ይመልከት። ቁስል ካለ እስኪድን ድረስ ሰው ሠራሽ እግሩን አያጥልቅ።

ለውጥን መለካት

በጤና ተቋም የሚሠራበት ቀላል መለኪያ የስድስት ደቂቃ እርምጃ ምርመራ ነው፤ ታካሚው በሜዳማ ኮሪደር ላይ በስድስት ደቂቃ የሚጓዘው ርቀት በሜትር ይመዘገባል። በቤት ደግሞ ቀን፣ የተራመዱበት ደቂቃ፣ ከ0 እስከ 10 የተመዘነ የሕመም መጠንና የተጠቀሙበት ድጋፍ በደብተር ቢመዘገብ በቂ ነው። ታካሚው መነጻጸር ያለበት ካለፈው ወር ከራሱ ጋር እንጂ ከሌላ ልጅ ጋር አይደለም።

ክትትሉ ለዓመታት ይቀጥላል። ልጅ ሲያድግ አንዱ እግር ከሌላው ሊያጥር ይችላል፤ ሰው ሠራሽ እግሩም ይጠብበታል፣ ያጥርበታልም። ዶክሶሩቢሲን በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት በድምሩ 250 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ የወሰደ ሰው በየ2 ዓመቱ የልብ አልትራሳውንድ እንዲደረግለት ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ይመክራሉ። ስለዚህ የወሰዳቸውን መድኃኒቶችና መጠናቸውን የሚገልጽ የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀት ቤተሰቡ ጠይቆ ሊያስቀምጥ ይገባል።

ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ልምምዱን አቁመው ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

– በኬሞቴራፒ ወቅት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ የደረሰ ትኩሳት፤
– አዲስ የጀመረ፣ በተለይ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም አዲስ እብጠት፤
– በድንገት በእግር ላይ መቆም አለመቻል፤
– በቀዶ ጥገናው ቦታ መቅላት፣ መሞቅ ወይም ፈሳሽ መውጣት፤ ይህ ከዓመታት በኋላም ሊከሠት ይችላል፤
– የአንድ እግር ባት ማበጥና መታመም፤
– የማይለቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ያልተለመደ የልብ ምት።

የቤተሰብና የትምህርት ቤት ድርሻ

ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977 በኦስቲዮሳርኮማ ምክንያት ቀኝ እግሩ ከጉልበት በላይ ተቆረጠ፤ በ1980 ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰው ሠራሽ እግር በ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጠ። በሽታው ወደ ሳንባው በመዛመቱ ሩጫውን ለማቆም ተገደደ፤ በቀጣዩ ዓመትም በ22 ዓመቱ አረፈ። ታሪኩ እግር የተቆረጠ ወጣት ምን ያህል ሊጓዝ እንደሚችል ያስረዳል፤ ለማንኛውም ልጅ ግን የሚታዘዝ መጠን አይደለም። ለአንድ ተማሪ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በራሱ እግር ደርሶ መመለስ ከዚህ የማያንስ ድል ነው።

ወላጆች ልጁ ራሱ ሊያደርገው የሚችለውን እንዲያደርግ ይተዉለት፤ ውኃ መቅዳት፣ አልጋ ማንጠፍና ከሱቅ ዕቃ መግዛት ልምምድ ናቸው። መምህራን የክፍሉ ትምህርት በምድር ቤት እንዲሰጥ፣ ልጁም ከክፍል ወደ ክፍል ለመሄድ በቂ ጊዜ እንዲኖረው ሊያደርጉ ይችላሉ። ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ፈጽሞ ማስቀረት ሳይሆን አቅሙን ያገናዘበ ተሳትፎ መስጠት ይመረጣል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መዳረሻ እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች።

አገልግሎት የሚገኝባቸው ተቋማት

የጉለሌ ነዋሪዎች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ በመሄድ የሪፈር ወረቀት ሊያገኙ ይችላሉ። በክፍለ ከተማው የሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የሪፈራል አገልግሎት ይሰጣል። የሕፃናት ካንሰር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሰጣል። ሰው ሠራሽ እግርና ድጋፍ በአዲስ አበባ ባለው የአካል ድጋፍ ማዕከል የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በመናገሻ የሚገኘው የቼሻየር ማዕከልም ለአካል ጉዳተኛ ልጆች የተሐድሶ አገልግሎት በመስጠት ይታወቃል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲና በካንሰር የታመሙ ልጆች ወላጆች የመሠረቱት ተስፋ አዲስ ታካሚ ቤተሰቦችን ይደግፋሉ።

ታካሚው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ ሦስት ነገሮችን ጠይቆ በጽሑፍ ቢይዝ መልካም ነው፦ በእግሩ ላይ ምን ያህል ክብደት ማሳረፍ እንደሚፈቀድለት፣ የትኞቹን ልምምዶች በቤት እንደሚሠራና የሚቀጥለው የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ።